ተሻገር

አባቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤
በእኛ ቤት ያ ነገር ጭራሽ አይታሰብም።
«አባባ» ነው ለእኛ፣ «ጋሼ» ነው ለደጁ፣
ስሙን የሚጠሩት ቀበሌና ወዳጁ።

ማንችስተር ስገባ፣ መስከረም፣ በካፊያ፣
ዝርዝር የያዘች ሴት ከበሩ መግቢያ
«ሚስ ቴሻጋር!» አለች።
ዞርኩኝ ወደ ኋላ፤
የመጣ መስሎኝ
ያን ቡናማ ኮቱን በትከሻው ጥሎ
ከሰልፉ መሃከል እኔን ተከትሎ።

«ትርሲት ነኝ» ብላትም አልሰማችኝም።
እንዴት ይብራራል፣ ሰው ከኋላ ቆሞ፣
የእኛ የአባት ስም እንደማይሄድ ቀድሞ፣
ከልጅ በስተኋላ፣ ዝም ብሎ፣ አዝግሞ
እንደሚከተል?
ተውኩት።
«አቤት» አልኩኝ በእሱ ፋንታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ተማሪ ነው።
ስምንተኛ ክፍልን ያቋረጠው ሰው፣
ማተሚያ ቤት ውሎ፣ የእርሳስ ፊደል ለቅሞ፣
ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሰው መጽሐፍ አቁሞ፣
በስሙ አንዲት ገጽ ሳያትም የወጣው፣
እንግሊዝ አገር ነው ስሙ የታተመው፦
በቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ በጋዝ ደረሰኝ ላይ፣
ለስድስት በምንጋራው ማቀዝቀዣ፣ ወተቴ ጎን ላይ፣
«ተሻገር» ብዬ በስክሪፕቶ፣
«አትንኩ» ለማለት።

አንድ ማታ በስልክ ቅጣት አነበብኩለት፦
«ውድ ተሻገር ሆይ፣ መጽሐፍ አዘግይተዋል፣
አራት ፓውንድ ከሃምሳ ዕዳ አለብዎት» ይላል።
ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፣ ሳሉ እስኪቀድመው፦
«ከሰፈር ሱቅ እንኳን ዱቤ ያልወሰድኩ ሰው
ባሕር ተሻግሬ ዕዳ ገባሁ በለው!»

የተማርኩት መንገድ ነው።
ሌላው ሰው ከዋክብት፣ ሌላው ሰው መድኃኒት፤
እኔ ቀይ መብራት ስር የእጅ ሰዓት ይዤ፣
አስር ሰዓት በሚመሽ ታኅሣሥ ደንዝዤ፣
ቢጫው ባቡር አልፎ፣ አሮጌ ሰው ሁሉ ሲያቋርጥ እያየሁ
ሰከንድ እቆጥራለሁ።
ባለ ውሻው፣ አስር። ባለ ጋሪዋ ባልቴት፣ አስራ አራት።
እሷ አንድ ቀን ቆማ «ፖሊስ ነሽ ወይ?» አለች፤
አይደለሁም ስላት ብስኩቷን ገምሳ ሰጠች።
ቁጥሬ ውስጥ የሌለ አንድ እግር ነበረ፣
አራት ኪሎ ቀርቶ ስሙ ብቻ የበረረ።

ስመለስ፣ አራት ኪሎ ሰፍቶ ጠበቀኝ።
የሰፈር ጎረምሳ «ስታዲየሙስ?» አለኝ፤
«ከአውቶቡስ መስኮት ነው ያየሁት» ብለው፣ ከልቡ አዘነልኝ።
አባቴ ዲግሪዬን ወደ ብርሃን ይዞ፣
መነጽሩን ሰቅሎ፣ በአውራ ጣቱ ዳስሶ፦
«ፊደሉ ንጹሕ ነው። ቀለሙ ግን ሳስቷል፤
እዚህ ስሜ አጠገብ ክፍተቱ በዝቷል።»
ሌላ ምንም አላለም።
ማታ ግን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
አቧራ እንዳይነካው።

ዛሬ ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ወጣን።
አዲሱ አስፋልት ሃያ ስምንት ሜትር፤
በእሱ ጉልበት ሠላሳ አምስት ሰከንድ፤
መብራቱ የፈቀደው ሃያ።
መመረቂያዬ ይኸው ነበር፣ በሰው አገር እግር።

ከዘራውን ጠርዙ ላይ ተክሎ ቆመ።
አረንጓዴ ሆነ፤ አልተንቀሳቀሰም።
ቀይ።
ደግሞ አረንጓዴ።
ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይጮኻል፣
ሞተረኛው በጆሯችን ስር ይከንፋል፤
አባቴ አስፋልቱን እንደ ወንዝ ያያል።

ሦስተኛው አረንጓዴ ላይ እጁን ያዝኩትና፣
ሴትዮዋ ከበሩ ላይ የጠራችውን፣
እኔ በቤቱ አንዴም ያልጠራሁትን፣
አያቴ ምን አይታ እንዳወጣችለት የማላውቀውን፣
በጆሮው፣ ቀስ ብዬ፣
«ተሻገር» አልኩት።

ዞሮ አየኝ።
ስም ይሁን ትእዛዝ፣ አልጠየቀም።
«አቤት» አለ፣
ከዘራውን ወደ ነጩ መስመር አወረደ።

ግራ እጄን ወደ መኪኖቹ ዘረጋሁ።
አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ።
ገና መሃል ላይ ነን።